ከአንገት በላይና ከአንገት በታች፦ የድድና የልብ ሕመም ዝምድና በአማርኛ የስያሜ ታሪክ

መግቢያ

በአማርኛ «ከአንገት በላይ» የሚለው ሐረግ ሁለት አገልግሎት ይሰጣል። አንደኛው የቆየው ነው፤ ከልብ ያልመነጨ ንግግር፣ ሳቅ ወይም ወዳጅነት «ከአንገት በላይ ነው» ይባላል። ሁለተኛው ከዘመናዊ ሕክምና ጋር የመጣ ነው፤ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም «የአንገት በላይ ሐኪም» ተብሎ ይጠራል። በሁለቱም አነጋገር አንገት እንደ ድንበር ተቆጥሯል። ከድንበሩ በላይ አፍ፣ ከድንበሩ በታች ልብ አለ። «ጥርስ ባዳ ነው» የሚለው አባባልም ይህንኑ ያጸናል፤ ውስጥ እያዘነ ጥርስ ይስቃልና አፍ የልብን ነገር አያውቅም ማለት ነው።

የሰውነት አሠራር ግን ይህን ድንበር አያከብርም። በታመመ ድድ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ወደ ደም ገብተው ልብ ድረስ እንደሚዘልቁ፣ አስቀድሞ የተጎዳ የልብ በር ሲያገኙም በላዩ ላይ ተጣብቀውና ተራብተው ለሞት የሚያደርስ ሕመም እንደሚያስነሡ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኗል። ከዚህ ሌላ የድድ ሕመምና የልብ ደም ቅዳዎች መጥበብ በአንድ ሰው ላይ አዘውትረው አብረው እንደሚታዩ በኋላ ዘመን የተደረጉ ጥናቶች አመልክተዋል። ሁለቱ ነገሮች ተመሳሳይ ይምሰሉ እንጂ አንድ አይደሉም፤ ልዩነታቸውን ጠብቆ በአማርኛ መግለጽም ቀላል ሥራ አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የድድና የልብ ሕመም ዝምድና በአገራችንና በውጭው ዓለም እንዴት እንደታሰበ በአጭሩ መተረክ፣ ከዚያም አማርኛ ይህን ዝምድና ለመግለጽ ያሉትን ቃላት መመርመር ነው። ለምሳሌ የተመረጠው ቦታ በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ የሚገኘው የእንጦጦ ተራራ ሰንሰለትና በግርጌው የተዘረጋው የካ ነው። የአፍ ንጽሕና ልማድ ከዚያ ጋራ እንጨት ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ዘመናዊ ሕክምናም ከመጀመሪያዎቹ ቤቶቹ አንዱን የሠራው በዚያው አካባቢ ነውና።

ነገሩ ለባለሙያዎች ክርክር ብቻ የሚተው አይደለም። ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ሐኪሙ ሕመምተኛውን «የልብ ሕመም አለብዎት?» ብሎ ይጠይቃል። በመልሱ መሠረትም ቅድመ ጥንቃቄ ያደርጋል ወይም ይተዋል። ጥያቄውና መልሱ የሚለዋወጡት በአማርኛ ነው። «ልብ» ለጠያቂው አንድ ነገር፣ ለተጠያቂው ሌላ ነገር ከሆነ የቃል ጉድለት የሕይወት ጉድለት ይሆናል።

1. ድድ፣ መፋቂያ፣ ንቅሳትና ግግ

ጥርስ በአማርኛ ዘይቤ ባለጸጋ ነው። ቂም የያዘ ሰው «ጥርስ ነከሰ» ይባላል፤ የተጠላ ሰው «ጥርስ ውስጥ ገባ» ይባላል። ተረቱም «ጥርስና ከንፈር ሲደጋገፍ ያምር» ይላል። ድድ ግን ከዚህ ድርሻ ብዙ አልደረሰውም። ተረቱ የጥርስን ደጋፊ ከንፈርን አደረገ፤ በአካል አሠራር ግን ጥርስን ደግፎ የሚያቆመው ድድና በሥሩ ያለው አጥንት ነው።

ይህም ሆኖ የድድን ሕመም ለመግለጽ ቋንቋው ግሥ አላጣም። ድድ ይደማል፣ ያብጣል፣ ይመግላል፣ ይሸሻል፤ ጥርስም ይበልዛል፣ ይነቃነቃል፣ በመጨረሻም ይወልቃል። እነዚህን ግሦች በተርታ ብንመለከታቸው የሕመሙን ደረጃዎች ከሞላ ጎደል በቅደም ተከተል ያሳያሉ። በተለይ «ድዱ ሸሸ» የሚለው አነጋገር ድድ ከጥርሱ አንገት እየራቀ ሥሩን ሲያጋልጥ የሚታየውን ሁኔታ አንድ ሐኪም ከሚሰጠው መግለጫ ባላነሰ ጥራት ይገልጻል። ስም አውጪ ባለሙያ አዲስ ቃል ከመፍጠሩ በፊት እንዲህ ያለውን የሕዝብ አነጋገር መሰብሰብ ይገባዋል።

የአፍ ንጽሕና መሣሪያ የሆነው መፋቂያ ስሙን ያገኘው «ፋቀ» ከሚለው ግሥ ነው። ፋቀ ማለት የአንድን ነገር ገጽ ልጦ ወይም አሽቶ ማጥራት ነው፤ ቆዳ ይፋቃል፣ ጥርስም ይፋቃል። መፋቂያው ከወይራ፣ ከልምጭ፣ ከክትክታና ከመሳሰሉት ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ይቆረጣል። ጫፉ በጥርስ ሲታኘክ ጭረቱ ተበታትኖ እንደ ብሩሽ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህ ዐይነቱ እንጨት ልማድ ሆኖ በኖረባቸው አገሮች እንዲቀጥል አበረታቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1978 የኢትዮጵያ ተማሪዎችን መፋቂያ አጠቃቀም የሚመረምር ጥናት በውጭ የጥርስ ሕክምና መጽሔት ታትሞ ነበር።

እንጦጦ የጥድና የወይራ ደን የነበረበት ተራራ ነው። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ የከተማዋ ሕዝብ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ዛፉን እየቆረጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አራቆተው። የእንጨቱ እጦት ከመበርታቱ የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ያጸናት በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬ ከተራራው ላይ እናቶች በጀርባቸው ተሸክመው የሚያወርዱት ቅጠልና ጭራሮ የዚሁ ዛፍ ነው፤ የወይራ መፋቂያ ግን ከሩቅ መጥቶ በሾላ ገበያና በየመንገዱ ዳር ይሸጣል።

ለስያሜ ባለሙያ «ባሕር ዛፍ» የሚለው ቃል ትምህርት አለው። ዛፉ ከባሕር ማዶ ስለመጣ ስሙ ከሁለት የታወቁ ቃላት ተገጣጠመ። «የባሕር ማሽላ» የሚለውም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። ሕዝቡ አካዳሚ ሳይጠብቅ፣ ለጆሮ የማይከብድና መነሻውን የሚናገር ስም አወጣ። የሕክምና ስያሜም ይህን መንገድ ቢከተል አይሳሳትም።

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሴቶች ድዳቸውን ይነቀሱ ነበር። ንቅሳቱ ጥላሸት በእሾኽ ወይም በመርፌ ወደ ድድ በማስገባት የሚሠራ ነው። አንደኛው ምክንያት ውበት ነው፤ በጠቆረ ድድ ላይ ጥርስ ነጥቶ ይታያል። ሁለተኛው ምክንያት ፈውስ ነው፤ የሚደማና የሚያብጥ ድድ ሲነቀስ ይጸናል ተብሎ ይታመን ነበር። ከዚህ የምንረዳው የድድ መድማት እንደ ተራ ነገር ሳይታለፍ፣ ሕመም ተብሎ መድኃኒት ሲፈለግለት እንደኖረ ነው።

ከዚህ ይልቅ ለያዝነው ጉዳይ የሚቀርበው «ግግ ማስወጣት» የሚባለው ልማድ ነው። ሕፃን ሲያተኩሰው፣ ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው የሕመሙ ምንጭ በድዱ ውስጥ ያለው ግግ ነው ይባልና፣ ድዱ በስለት ተከፍቶ ገና ያልበቀለው ጥርስ ተጎልጉሎ ይወጣል። ልማዱ ጎጂ መሆኑ ተረጋግጦ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ እንጥል ከመቁረጥ ጋር በስም ጠርቶ ያወገዘው ነው። ድርጊቱ የሚወገዝ ቢሆንም በሥሩ ያለው ሐሳብ ሊጤን ይገባዋል። ሐሳቡ በድድ ውስጥ የተሰወረ ክፉ ነገር ሩቅ ያለን የሰውነት ክፍል ያሳምማል የሚል ነው። ቀጥሎ እንደምናየው የአውሮፓና የአሜሪካ ሐኪሞችም በአንድ ወቅት ለዚሁ ሐሳብ እጅ ሰጥተው ነበር።

2. ልብ

«ልብ» አማርኛ ከግዕዝ ጋር የሚጋራው ቃል ነው። በግዕዝም በአማርኛም የአካል ስም ብቻ ሳይሆን የአሳብ፣ የማስተዋልና የድፍረት መኖሪያ ስም ነው። ያስተዋለ «ልብ አለ»፤ ከስሕተቱ የተመለሰ «ልብ ገዛ»፤ የማይፈራ «ልበ ሙሉ» ነው። እነዚህ ለሥነ ጽሑፍ ተርጓሚ ሀብት ናቸው፤ ለሕክምና ተርጓሚ ግን ወጥመድ ይሆናሉ።

አንድ ምሳሌ ብንወስድ «አበጠ» የሚለው ግሥ ከድድ ጋር ሲነገር ሕመም ነው። «ልቡ አበጠ» ሲባል ግን ትዕቢት ነው። ልባቸው ከመጠን በላይ የሰፋ ሕሙማንን ሁኔታ «የልብ ማበጥ» ብሎ የተረጎመ ሰው ሳያስበው ሕመምተኛውን ትዕቢተኛ ያደርገዋል። ስለዚህ «የልብ መስፋት» ወይም «የልብ መተለቅ» ማለት ይሻላል።

ከዚህ የከፋው ችግር «ልብ» በዕለታዊ አነጋገር ከደረት በታች፣ ከሆድ በላይ ያለውን ቦታም ማመልከቱ ነው። «ልቤን ያቃጥለኛል» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ጨጓራው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ «የልብ ሕመም አለብዎት?» ሲባል የጨጓራውን ነገር አስቦ «አዎን» ሊል ይችላል። በአንጻሩ የልብ በሩ የተጎዳና በየወሩ መርፌ የሚወጋ ወጣት በዚያ ቀን የሚሰማው ሥቃይ ከሌለ «ልቤን አያመኝም» ብሎ ሊመልስ ይችላል። የመጀመሪያው ስሕተት የማያስፈልግ መድኃኒት ያሰጣል፤ ሁለተኛው የሚያስፈልገውን ያስቀራል።

3. ዝምድናው በውጭው ዓለም የሕክምና ታሪክ

በርሊን ውስጥ ይሠራ የነበረው አሜሪካዊ የጥርስ ሊቅ ዊሎቢ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1890 ስለ አፍ ረቂቅ ተሕዋስያን መጽሐፍ አሳተመ፤ በማግሥቱ ዓመትም የሰው አፍ ለሌላው ሰውነት የሕመም ምንጭ ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። የለንደኑ ሐኪም ዊሊያም ሀንተር እ.ኤ.አ. በ1900 በዚሁ ላይ ጽሑፍ አወጣ፤ በ1910 ደግሞ በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ንግግር የጊዜውን የጥርስ ሥራ በብርቱ ነቀፈ። ወዲያውም በአሜሪካ ፍራንክ ቢሊንግስ የተባለው ሐኪም ሐሳቡን አስፋፋው። በአፍ ወይም በቶንሲል ውስጥ የተሰወረ መግል የመገጣጠሚያን፣ የኩላሊትንና የልብን ሕመም ያመጣል የሚለው ትምህርት የብዙ ሐኪሞች ትምህርት ሆነ።

ውጤቱ አሳዛኝ ነበር። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አሥርታት ደኅና ጥርሶችና ቶንሲሎች ያለ ቁጥር ተነቀሉ። እ.ኤ.አ. በ1938 ራስል ሴሲልና ባልደረባው አንጀቪን በ200 የመገጣጠሚያ ሕሙማን ላይ ያደረጉትን ምርመራ ሲያወጡ የጥርሱ መነቀል የሚባለውን ጥቅም እንዳላስገኘ አሳዩ። ትምህርቱም ቀስ በቀስ ተተወ። ከላይ የጠቀስነው የግግ ልማድና ይህ የሊቃውንት ትምህርት አንዱ ከሌላው ሳይማር በአንድ ዐይነት ስሕተት ላይ ወድቀዋል። ሁለቱም አብሮ መታየትን እንደ ምክንያት ቆጥረዋል፤ ሁለቱም ለመፍትሔ የፈጠኑት ስለት ወይም ጉጠት በማንሣት ነው።

ነገር ግን ከስሕተቱ መካከል አንድ እውነት ተርፎ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1935 ኦኬልና ኤልዮት የተባሉ እንግሊዛውያን ጥርስ እንደተነቀለ ወዲያው ደም ቀድተው ሲመረምሩ የአፍ ባክቴሪያ በደም ውስጥ አገኙ። ባክቴሪያው በጤናማ ሰው ደም ውስጥ ብዙ ሳይቆይ ይጠፋል። የተጎዳ ወይም ሰው ሠራሽ የልብ በር ባለው ሰው ላይ ግን ሊያርፍና ሊራባ ይችላል። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1955 እንዲህ ያሉ ሕሙማን ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት እንዲሰጣቸው የሚል የመጀመሪያውን መመሪያ አወጣ።

መመሪያው ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው መድኃኒቱን አደጋቸው እጅግ ከፍ ላለ ሕሙማን ብቻ ወሰነው፤ እነዚህም ሰው ሠራሽ በር የተተከለላቸው፣ ሕመሙ ቀድሞ ይዟቸው የነበረና የመሳሰሉት ናቸው። በሩማቲክ ሕመም የተጎዳ የተፈጥሮ በር ያላቸውን ሰዎች ከዝርዝሩ አወጣቸው። ሩማቲክ ሕመም ለበዛባቸው ነባር ሕዝቦች የተዘጋጀው የአውስትራልያ መመሪያ ግን አላወጣቸውም። የ2007ቱ መመሪያ አንድ ሌላ ቁም ነገር አስተምሯል። ባክቴሪያ ወደ ደም የሚገባው ጥርስ ሲነቀል ብቻ አይደለም፤ ድዱ የታመመ ሰው ሲያኝክና ጥርሱን ሲያጸዳም በየቀኑ ይገባል። ስለዚህ ከአንድ ቀን መድኃኒት ይልቅ የዘወትር የአፍ ንጽሕና ይበልጣል።

ሁለተኛው የዝምድናው ምዕራፍ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። በፊንላንድ ማቲላና ባልደረቦቹ በድንገተኛ የልብ ጡንቻ ጉዳት የታመሙ 100 ሰዎችን ከ102 ሌሎች ሰዎች ጋር አወዳድረው፣ የሕሙማኑ አፍ ጤና የከፋ መሆኑን አሳዩ። ብዙ ጥናቶች ተከተሉ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 ጥናቶቹን መርምሮ ባወጣው መግለጫ የድድ ሕመምና የደም ቅዳ ሕመም ዝምድና እንዳላቸው፣ ይህም እንደ ማጨስ ያሉት የጋራ መንሥኤዎች ከታሰቡ በኋላም እንደማይጠፋ ተቀበለ። ሆኖም የድድ ሕመም የልብ ሕመምን ያመጣል ለማለት፣ ድድን ማከምም የልብ ሕመምን ይከላከላል ለማለት በቂ ማስረጃ እንዳልተገኘ አስታወቀ።

4. በአገራችን

በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በአገራችን የመጀመሪያው የመንግሥት ሆስፒታል ነው። ከዐድዋ ጦርነት በኋላ የመጣው የሩስያ ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን ሥራውን ከፈጸመ በኋላ በ1900ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ተቋቋመ። ከተራራው ወርደው ወደ እንዲህ ያለው ቤት የገቡ ሕሙማን ይዘውት የገቡት የአካላቸውን ሕመም ብቻ አይደለም፤ ሕመሙን የሚጠሩበትን ቃልም ይዘው ገብተዋል። ሐኪሞቹ ከብዙ አገር ቋንቋ የመጡ በነበሩበት ዘመን በሁለቱ መካከል የቆመው አስተርጓሚ ነበር። የሕክምና አማርኛ የተወለደው በመዝገበ ቃላት ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን እንዲህ ባለው ደጃፍ ነው ማለት ይቻላል።

የድድና የልብ ነገር ለአገራችን ከአውሮፓ በተለየ መንገድ ያስፈልጋል። በወጣትነት ዕድሜ ከሚደርሰው የልብ ጉዳት ከፍተኛውን ድርሻ የያዘው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ሕመሙ የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። በጉሮሮ የሚያድር የስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ ያስነሣው ቁስለት ካልታከመ፣ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሚያሰልፈው ኃይል በአንዳንድ ልጆች ላይ ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያና የልብ በር ያጠቃል። የመገጣጠሚያው ሥቃይ ያልፋል፤ የበሩ ጠባሳ ይቀራል። ጉዳቱ እንዳይባባስ ሕመምተኛው ለብዙ ዓመታት በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይወጋል። በሩ ከፍቶ ከተበላሸ መጠገን ወይም መለወጥ ያስፈልጋል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ በ2001 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል የተቋቋመበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የዓለም የጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2018 በዚህ ሕመም ላይ ውሳኔ አሳልፏል።

እዚህ ላይ ተርጓሚዎች ሁለት መንገዶችን እንዳያምታቱ ያስፈልጋል። የልብን በር አስቀድሞ የሚያጎድለው የጉሮሮ ባክቴሪያ ነው። በተጎዳው በር ላይ በኋላ ገብቶ የሚያርፈው ደግሞ ሌላ፣ ብዙውን ጊዜም የድድና የአፍ ባክቴሪያ ነው። የመጀመሪያው በሩን ያቆስላል፤ ሁለተኛው በቁስሉ ይገባል። ሕዝቡ «ቶንሲል ልብ ይመታል» ሲል የመጀመሪያውን መንገድ በሚገባ ገልጾታል። ለሁለተኛው መንገድ ግን እስካሁን እንዲህ ያለ አጭርና ግልጽ አባባል የለንም።

5. ስለ ስያሜዎቹ

የውጭ ተጓዦችና ሊቃውንት ያዘጋጇቸው የአማርኛ መዛግብተ ቃላት ከሉዶልፍ የ1698 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ጀምሮ በኢዘንበርግ የ1841፣ በአባዲ የ1881፣ በጉዊዲም የ1901 ሥራዎች ቀጥለዋል። በአገር ልጅ እጅ ከሣቴ ብርሃን ተሰማ በ1951 ዓ.ም.፣ ደስታ ተክለ ወልድም በ1962 ዓ.ም. ታላላቅ መዛግብት አበርክተዋል። በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ ሲቋቋምና በኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ሲሆን የሳይንስ ስያሜ ሥራ ቤት አገኘ፤ ፍሬውም በ1989 ዓ.ም. በታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ታየ። በትምህርት ቤት መጻሕፍት የተለመዱት «ደም ቅዳ» እና «ደም መልስ» የሚሉት ቃላት የዚህ ዐይነቱ ጥረት መልካም ምሳሌዎች ናቸው። አንዱ ደምን ከልብ ቀድቶ ይወስዳል፣ ሌላው ይመልሳል፤ ተማሪው ስሙን ሲያውቅ ሥራውንም ያውቃል።

በዚህ አርአያ ለያዝነው ጉዳይ የሚከተሉት ሐሳቦች ይቀርባሉ።

ሀ) ብግነትና ምርቀዛ። «ብግነት» መቅላትን፣ ማበጥንና ማተኮስን በአንድ ላይ የሚይዝ ጠቅላላ ስም ሆኖ ተለምዷል፤ ባክቴሪያ ይኑርም አይኑርም ይነገራል። ቁስል «መረቀዘ» ሲባል ግን ከውጭ የገባ ነገር እንዳለበት ይታወቃል። ስለዚህ ድዱ ሲቀላና ሲደማ «የድድ ብግነት»፣ ሕመሙ ወደ ሥሩ ዘልቆ ድድ ሲሸሽና አጥንት ሲሳሳ «የጥርስ ደጋፊ አካላት ሕመም» ቢባል ልዩነቱ ይጠበቃል። የመጀመሪያው በጽዳት የሚመለስ፣ ሁለተኛው ያጠፋው የማይመለስ ነውና ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ሕመምተኛውን ያሳስታል።

ለ) የልብ ገበር። ሐኪሞች «ኢንዶካርዳይትስ» የሚሉት የልብን የውስጥ ሽፋንና በሮቹን የሚይዘውን ሕመም ነው። «የልብ ውስጠኛ ሽፋን ብግነት» የሚለው ረጅም ከመሆኑም በላይ የባክቴሪያውን ነገር አይናገርም። የልብስ የውስጥ ሽፋን «ገበር» እንደሚባል ሁሉ የልቡም «የልብ ገበር»፣ ሕመሙም «የልብ ገበር ምርቀዛ» ቢባል አጭርና ገላጭ ይሆናል።

ሐ) ባክቴሪያ በደም ውስጥ መገኘት። ይህን «የደም መመረዝ» ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው። ጥርሱን የፋቀ ሰው ሁሉ ደሙ አልተመረዘም። «የባክቴሪያ ወደ ደም መግባት» ማለት በቂ ነው። «የደም መመረዝ» ሰውነትን ለሚያናጋው ከባድ ሕመም ይቆይ።

መ) የዝምድና ግሦች። ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለስሞች ሳይሆን ለግሦች ነው። «ያመጣል» ምክንያትን ያረጋግጣል። «ያጋልጣል» አደጋን ይጨምራል ማለት ነው። «መንገድ ይከፍታል» የመግቢያ በርን ያሳያል። «አብሮ ይታያል» ከዝምድና አያልፍም። የልብ በሩ ለተጎዳ ሰው የታመመ ድድ ለልብ ገበር ምርቀዛ መንገድ ይከፍታል፤ ይህ የተረጋገጠ ነው። የድድ ሕመም ከደም ቅዳ መጥበብ ጋር አብሮ ይታያል፤ ከዚህ አልፎ «ያመጣል» ብሎ መጻፍ አልተፈቀደም። በጤና ትምህርት ጽሑፎች «የድድ ሕመም ለልብ ሕመም ይዳርጋል» የሚል አጠቃላይ ዐረፍተ ነገር ሲጻፍ ሁለቱም መንገዶች በአንድ ግሥ ይዋጣሉ። የሃያኛው መቶ ዓመት ሐኪሞች ደኅና ጥርስ የነቀሉት እንዲህ ባለው ግሥ ተመርተው ነው።

ሠ) ጥያቄው። በመግቢያው ያነሣነው ጥያቄ በአንድ ቃል ላይ እንዳይንጠለጠል በሦስት ቢከፈል መልካም ነው፦ «ሐኪም የልብ በር ጉዳት አለብዎት ብሎዎት ያውቃል?»፣ «በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ይወጋሉ?»፣ «ልብዎ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎታል?»። እነዚህን ጨጓራውን የሚያመው ሰው በስሕተት «አዎን» አይላቸውም፤ መርፌ የሚወጋውም «የለብኝም» አይላቸውም። ትርጉም ማለት ቃልን በቃል መተካት ብቻ ሳይሆን አንዳንድ ጊዜ አንዱን ጥያቄ ሦስት ማድረግ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው የድድና የልብ ዝምድና ታሪክ የሁለት ስሕተትና የአንድ እውነት ታሪክ ነው። የግግ ልማድም ሆነ የሊቃውንቱ ትምህርት በድድ ላይ የሌለ ኃጢአት ጫኑ። በሌላ በኩል የልብ በሩ ለተጎዳ ሰው እውነተኛው አደጋ ከዚያው ከድድ ይመጣል። እውነቱን ከስሕተቱ የሚለየው ትክክለኛ ግሥና ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

በሾላ ገበያ የሚሸጠው የወይራ መፋቂያና በየወሩ የሚወጋው መርፌ የአንድን ሰው ልብ ከሁለት ወገን ይጠብቃሉ። አንዱ ከአንገት በላይ፣ ሌላው ከአንገት በታች ይሠራል። ስያሜ አውጪና ተርጓሚም በመካከላቸው ቆሞ ቃሉ ድንበሩን ሳይስት እንዲያልፍ የማድረግ ኃላፊነት አለበት። የቀረቡት ስያሜዎች የመጨረሻ ቃል አይደሉም፤ ሐኪሞች በሥራ ላይ ፈትነው፣ የቋንቋ ባለሙያዎችም መርምረው የሚያጸኗቸው ወይም የሚያሻሽሏቸው ናቸው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የሕመምተኛው ጆሮ ሊፈትናቸው ይገባል።